መድኃኒቱን አታቁሚ፣ መጀመሪያ ስሙን አንብቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የ8 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነሽ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለብሽ፣ በየቀኑ ክኒን ትወስጃለሽ፣ አማትሽ ደግሞ «ክኒኑ ልጁን ያበላሸዋል፣ እስክትወልጂ ተይው» ብለውሻል። ላቁም ወይ ነው ያልሽው። አታቁሚ። ዛሬ ማታም እንደ ሁልጊዜው ዋጪ፣ ነገ ጠዋት ደግሞ ክትትል ወዳለሽበት ሐኪም ሂጂ። ቀጠሮዬ እስኪደርስ አትበይ።

ይህን ደፍሬ የምልሽ እኔ አቁሜ ስላየሁት ነው። የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ፌኖባርቢታል ነበር የምወስደው፣ ማታ ማታ 100 ሚሊግራም። ማርገዜን ባወቅኩ ቀን ክኒኑን ከነፌስታሉ ቁምሳጥን ላይ ወረወርኩት። ማንንም አላማከርኩም፣ ለልጄ ማሰቤ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ቡና እየቆላሁ ጣለኝ። የማስታውሰው የቡናውን ጭስ ብቻ ነው፣ ሌላውን የነገሩኝ ጎረቤቶቼ ናቸው። የወደቅኩት ከሰሉ ላይ ነው። ግራ ክንዴ ተቃጠለ፣ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። አንዷ ክብሪት ጭራ አሸተተችኝ፣ ሌላዋ ጥርሴን ለማላቀቅ ማንኪያ አስገባች፣ በጎኔ ያስተኛኝ ግን አልነበረም።

ሆዴ ውስጥ ያለው ተረፈልኝ። ሐኪሙ አልተቆጣኝም፣ ቁጭ ብሎ ነው ያስረዳኝ። ፌኖባርቢታል በአንዴ ሲቋረጥ መቋረጡ ራሱ ይጥላል፣ ከበፊቱም ብሶ ሊመጣ ይችላል። ሰውነት እየተንቀጠቀጠ የእናት ትንፋሽ ሲቆራረጥ ልጁም ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ሲወድቁ ደግሞ ሆድም ይመታል። እኔ ክኒኑን ብቻ ነበር የፈራሁት። መውደቁን ማንም ፍሪ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። «ነጩ ክኒን» ብለሽ አለፍሽው እንጂ ስሙን አልፃፍሽም። ዋናው ነገር እኮ እሱ ነው። ክኒኖቹ ሁሉ እኩል አይደሉም። ቫልፕሮየት ከሆነ፣ ዴፓኪን የሚባለውም እሱው ነው፣ ነገ ሐኪሙ ፊት ስትቀመጪ መጀመሪያ የምትናገሪው እሱን ይሁን። በእርግዝና ቫልፕሮየት ከወሰዱ እናቶች ከሚወለዱ 100 ልጆች 10 ያህሉ ከባድ የአካል ጉድለት ይኖራቸዋል፣ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ እያደጉ ሲሄዱ በንግግር፣ በትምህርት ወይም በባህሪ ይቸገራሉ። መድኃኒቱን በማይወስዱ እናቶች ግን የአካል ጉድለቱ ከ100 ሁለት ወይም ሦስት ነው። ላሞትሪጂንና ሌቬቲራሴታም ከዚህ ከሁለትና ሦስቱ ብዙም አይርቁም። ካርባማዜፒንና ፌኖባርቢታል መሃል ላይ ናቸው፣ መጠኑ በጨመረ ቁጥር አደጋውም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ቫልፕሮየት መውለድ ለሚችሉ ሴቶችና ልጃገረዶች እንዳይታዘዝ አሳስቧል። እሱንም ቢሆን ግን ሐኪም ነው የሚቀይርልሽ፣ በራስሽ አይቆምም። ይህን ሁሉ የምፅፍልሽ ላስፈራራሽ አይደለም። የሚጥል በሽታ ካለባቸው እናቶች አብዛኞቹ ጤነኛ ልጅ ነው የሚወልዱት።

ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን ካልጀመርሽ ጠይቂ። ለእኛ ብዙ ጊዜ የሚያዙልን 5 ሚሊግራሙን ነው። የሚሻለው ከማርገዝ በፊት መጀመር ነው፣ ምክንያቱም የልጁ አከርካሪ የሚዘጋው ገና በመጀመሪያው ወር ነው፣ ብዙዎቻችን ማርገዛችንን ሳናውቅ። ለሁለተኛው ልጄ ቀደም ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ፎሊክ አሲዱን ከሦስት ወር በፊት ጀመርኩ፣ ሐኪሙም ቀስ በቀስ ወደ ላሞትሪጂን አሸጋገረኝ። እሱም የራሱ ጣጣ አለው፣ ሆድ በገፋ ቁጥር ሰውነት ቶሎ ቶሎ ስለሚያስወግደው መጠኑን ሁለቴ ጨመሩልኝ፣ ስወልድ መልሰው ቀነሱት።

ትውከት ካለብሽ፣ እኔን ጠዋት ጠዋት ይገለብጠኝ ስለነበር ክኒኑን ወደ ማታ አዞሩልኝ። ክኒኑን ትውከቱ ውስጥ ካየሁት እንድደግም፣ ካላየሁት ግን ከመድገሜ በፊት እንድጠይቅ ነበር የተነገረኝ።

አማትሽን አትጣያቸው። ለልጅ ልጃቸው ብለው ነው። ይዘሻቸው ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ከሐኪሙ አፍ ይስሙት። ጸበል ይሻላል ካሉሽም ሁለቱ አይጣሉም፣ እኔ የምጠመቅበት ያሉት አባት «ክኒንሽን በጸበሉ ዋጪው» ነው ያሉኝ። ሌሊት መቆም ግን ለዚህ ጊዜ ይቅርብሽ፣ እንቅልፍ ማጣት እንደሚጥለን አንቺም ታውቂዋለሽ። ስትወድቂ ምን ማድረግ እንዳለባቸውም አሁን ንገሪያቸው፦ በጎን ማስተኛት፣ ራስሽ ስር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ አፍሽ ውስጥ ምንም አለማስገባት፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ። ነፍሰ ጡር ስለሆንሽ ቶሎ ቢቆምም በዚያው ቀን መታየት አለብሽ።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አደራ። ከ20 ሳምንት በኋላ ቢጥልሽ፣ በተለይ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የፊት እብጠት ካለ፣ «ያው የድሮው ነው» ብላችሁ እቤት አትቀመጡ። የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን ይችላል፣ እሱ ገዳይ ነው። በየክትትሉ ግፊትሽን ይለኩሽ፣ ሽንትሽንም ይዩልሽ።

ስትወልጂ ጡት ማጥባት ትችያለሽ። የእኔ ትልቁ በፌኖባርቢታሉ ምክንያት የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንቅልፋም ነበር፣ እየቀሰቀስኩ ነበር የማጠባው፣ አሁን የሰፈሩ ኳስ ተጫዋች ነው። ሌሊት አንዱን ዙር ባልሽ ይያዝልሽ። የህፃኑን ገላ ስታጥቢ ብቻሽን አትሁኚ፣ ዳይፐር ስትቀይሪለት ደግሞ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ይሁን።

ገና ያላረገዛችሁም ይህን አንብቡልኝ፣ እኔን የነገረኝ አልነበረም። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የወሊድ መከላከያ እንክብሉንና ክንድ ላይ የሚቀበረውን ያዳክማሉ። ትልቁ ልጄ የመጣው የክንዱን አስቀብሬ ነው። ሲቀብሩልኝ ምን መድኃኒት እንደምወስድ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ ግን አይነካም።

እህቴ፣ አሁን ተነሺና ማሸጊያውን እዪው። ስሙንና ስንት ሚሊግራም እንደሆነ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ልጆቹን አስተኝቼ እመለሳለሁ።