የአንባቢያን ጥያቄ፦ የአቴና ሳንቲም ጉጉት ለምን መልኳን ሳትለውጥ ቆየች?

ጥያቄ፦ አባቴ ፒያሳ ውስጥ ለረጅም ዘመን በብር አንጥረኝነት የኖሩ ሰው ናቸው። በቅርቡ የጥንታዊ ግሪክ ሳንቲሞችን ፎቶግራፎች አብረን ስንመለከት የሲራኩስ ከተማን ሥራ እጅግ አደነቁ፤ የአቴናን ግን «ይህ የጀማሪ እጅ ነው» አሉኝ። እነዚያን ድንቅ ሐውልቶች ያሠራች ከተማ ለገንዘቧ እንዲህ ያለ ሥራ እንዴት ተቀበለች?
(አንባቢያችን ከፒያሳ)

መልስ፦ የአባትዎ ዓይን አልተሳሳተም። በአቴና ሳንቲም ላይ የከተማዋ ጠባቂ የምትባለው፣ አቴና የተሰኘችው እንስት አምላክ ፊት ወደ ጎን ዞሮ ሳለ ዓይኗ ከፊት እንደሚታይ ሆኖ ተቀርጿል። ይህ የቆየ የአቀራረጽ ስልት ሲሆን፣ ፓርቴኖን የተባለው ቤተ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ447 እስከ 432 በተሠራበት ዘመን እንኳ በገንዘቡ ላይ አልተለወጠም። በጀርባው ያለችው ጉጉት፣ የወይራው ቅርንጫፍና የከተማዋን ስም የሚያመለክቱት ሦስት ፊደላትም እንደዚሁ ጸንተው ቆይተዋል።

ምክንያቱን አባትዎ በእጃቸው ሲያገላብጡት ከኖሩት ከጠገራ ብር መረዳት ይቻላል። መልኳ በብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1780 ከሞተች በኋላም ብሩ ያንኑ መልክና ያንኑ ዓመት ይዞ ይታተም የነበረው፣ የትከሻ ጌጧን ፈርጥ ቆጥሮ የሚቀበለው የሩቅ አገር ገበያተኛ መልኩ የተለወጠውን ስለሚጠራጠር ነው። አቴናም እንደዚሁ ብሯን ወደ ውጭ የምትልክ ከተማ ነበረች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ483 አካባቢ በአቴና ግዛት ባለው በላውሪዮን ማዕድን ብዙ ብር ሲገኝ፣ ቴሚስቶክሊስ የተባለው የከተማዋ መሪ ገንዘቡ ለዜጎች ከሚከፋፈል መርከብ ይሠራበት ብሎ አሳመነ፤ በ480 በሳላሚስ የባሕር ውጊያ ፋርሶችን ድል ያደረጉት እነዚያ መርከቦች ናቸው። ከዚያ በኋላ 17 ግራም ያህል የሚመዝነው ባለ አራት ድራክማ (ድራክማ የግሪኮች የገንዘብ መለኪያ ነው) ሳንቲም እስከ ግብፅና ሶርያ ድረስ ተሰራጨ። የዚያ አገር ነጋዴ ግሪክኛ ባያነብም ጉጉቷን ያውቃት ነበር፤ በእኛ ዘንድ የክፉ ምልኪ የምትባለው ወፍ በዚያ የንጹሕ ብር ማረጋገጫ ነበረች። በግብፅም በቀይ ባሕር ማዶ ባሉት የደቡብ ዓረብ መንግሥታትም እርሷን አስመስለው ገንዘብ ቀርጸዋል።

አባትዎ በሙያቸው የሚረዱት ሌላም ምልክት አለ። ከእነዚህ ሳንቲሞች ብዙዎቹ ላይ የመሮ ቁስል ይታያል፤ ተቀባዩ ውስጡ መዳብ መሆን አለመሆኑን ለማየት የቆረጠው ነው። በአቴና ራሷ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ375 አካባቢ በወጣ ሕግ መሠረት በገበያው መካከል ተቀምጦ ብር የሚመረምር የመንግሥት ባሪያ ነበረ፤ ከላይ ብር የተቀባ ሐሰተኛ ገንዘብ ሲያገኝ ወዲያው ይሰነጥቀው ነበር።

የሲራኩስ ነገር ሌላ ነው። በሲሲሊ ያለችው ይህች ከተማ የራሷ የብር ማዕድን አልነበራትም፤ ሳንቲሟን በአቴና ሚዛን ብትቀርጽም ገንዘቧ በአብዛኛው የሚዘዋወረው በዚያችው ደሴት ውስጥ ስለነበር፣ የሩቅ ተቀባይን ጥርጣሬ ሳትፈራ መልኩን ማሳመር ትችል ነበር። ስለዚህም ነው እንደ ኪሞንና ኤዋይኔቶስ ያሉ ባለ እጆች ስማቸውን በሥራቸው ላይ የጻፉት። አባትዎ ያደነቁት በዶልፊኖች የተከበበችው፣ በግሪክ አፈ ታሪክ የምንጭ መንፈስ የሆነችው የአሬቱሳ ፊት ከሆነ፣ 43 ግራም ያህል የሚመዝነውን ባለ አሥር ድራክማ አጉልተው ቢመለከቱ የጠራቢውን ስም በጥቃቅን ፊደል ሊያገኙት ይችላሉ።

አቴና ገንዘቧን ከሥር መሠረቱ የለወጠችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ምዕተ ዓመት ነው፤ ያን ጊዜም ጉጉቷን አልተወቻትም፣ በዘይት ማሰሮ ላይ አቆመቻት እንጂ።