ሰልፉ ፒያሳ ይሁን ወይስ መስቀል አደባባይ?

ወንድሜ፣ ጎንደር ላይ ለሰላማዊ ሰልፍ ፒያሳ ይሻላል ወይስ መስቀል አደባባይ ብለህ ለጠየቅከው፣ እኔ መስቀል አደባባይን እመርጣለሁ። ሰፊ ነው። ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. ያ ሁሉ ሕዝብ ለተቃውሞ ሰልፍ የወጣው እዚያ ነው። ፒያሳ ብትወጡ ሰው ቶሎ ያያችኋል። ግን ግፊያ ከተነሳ አዛውንትና ሕፃን መውጫ ያጣል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። መውጫ መንገዶቹን ቀድማችሁ በእግር እዩ፣ በየማዕዘኑ አስተባባሪ አቁሙ። ሆስፒታል አካባቢ በፍጹም አትሂዱ፣ ሕመምተኛ አለ። መፈክሩንም አታብዙ፣ አንድ ግልጽ ጥያቄ ይበቃል። መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 አለ። ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ። ደብዳቤውን ስታስገቡ ግልባጩ ላይ ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ።