ስለ ዲዛይን ውድድሮች፦ ከሁለቱም በኩል ያየሁት

እህቴ፣ «ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የማስታወቂያና የሕትመት ሱቅ አለኝ፤ የዲዛይን ውድድር የሚወጣበት 99ዲዛይንስ ድረ ገጽ ላይ እየተወዳደርኩ ልሥራ ወይስ በኢንተርኔት ሥራ የሚገኝበት አፕወርክ ይሻለኛል?» ላልሽው፣ እኔ እዚሁ ድሬ ከዚራ ሆኜ ተወዳድሬም፣ ለደንበኛ ውድድር አውጥቼም ስለማውቅ ከሁለቱም በኩል ልንገርሽ። በውድድር ብቻ የቤት ኪራይ አይከፈልም። ቋሚ ደንበኛ ለማግኘት ግን በጣም ይጠቅማል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ደንበኛው ሽልማቱን አስቀድሞ ይከፍልና የሚፈልገውን ይጽፋል፣ ዲዛይነሮች ከየአገሩ ሥራ ይልካሉ፣ ጥቂቶች ለመጨረሻው ዙር ያልፋሉ፣ የሚከፈለው ግን ላሸነፈው ነው። መብቱ ለደንበኛው የሚተላለፈውም ያሸነፈው ሥራ ብቻ ስለሆነ፣ ያላለፈልሽን የደንበኛውን ስም አጥፍተሽ ፖርትፎሊዮሽ (የሥራ ናሙናዎችሽ ማሳያ) ውስጥ አስገቢው።

ከመግባትሽ በፊት ሽልማቱ ዋስትና ያለው መሆኑን እዪ። ያኔ ደንበኛው ገንዘቡን ማስመለስ አይችልም። ከዚያ ደግሞ አስተያየት ይሰጣል ወይ? በሁለተኛው ቀንም ለማንም መልስ ያልሰጠ ደንበኛ ከሆነ እለፊው፣ አቦ፣ ድካምሽን ነው የሚበላው።

ይህን በደንብ የተረዳሁት ከሐረር ለሆነ ቡና ላኪ የማሸጊያ ውድድር ሳወጣለት ነው። ሰውዬው ያዘዘኝ «ዘመናዊና ማራኪ ይሁን» ብቻ ነበር። በዚያ ላይ ተመሥርተው የመጡት ሥራዎች አንበሳና የግራር ዛፍ ናቸው፤ የየትኛውም የአፍሪካ አገር ቡና ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚያ የጀጎልን ግንብ፣ የሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉትን ስፌቶች፣ ፀሐይ ላይ የተሰጣውን ቡና ፎቶ አንስተን ጨመርን፤ የሐረር ቡና ሳይታጠብ ከነገለባው እንደሚደርቅ፣ ጣዕሙም ፍራፍሬ ፍራፍሬ እንደሚል ጻፍን። ለእያንዳንዱ ሥራ «ይህ ቀለም ይቆይ፣ ይህ ይውጣ» እያልን መለስን። በማግሥቱ የሚመጣው ሥራ ሌላ ሆነ! ያሸነፈችው ልጅ ሐረርን በዓይኗ አላየችም፤ የስፌቱን ቅርጽ ግን አንድ በአንድ አጥንታው ነበር። ላኪው ቀጣዮቹን ማሸጊያዎች ያለ ውድድር በቀጥታ ለእሷ ሰጣት። እኔም ተወዳዳሪ ስሆን የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ለሽልማቱ ብቻ ብዬ አልገባም።

አፕወርክ ሌላ ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዋጋ ትስማማላችሁ፤ ለማመልከት ግን ኮኔክት የሚባለውን የማመልከቻ ነጥብ በገንዘብ ትገዢያለሽ፣ ስለዚህ ያገኘሽው ሥራ ላይ ሁሉ ማመልከቻ አትላኪ። ከሱቅሽ ሥራዎች አንድ ዓይነቱን፣ ለምሳሌ ማሸጊያ ብቻ መርጠሽ ፕሮፋይልሽን በእሱ ሥሪ። «ሁሉን እሠራለሁ» የሚል ፕሮፋይል ደንበኛ አያስቆምም።

ስምሽን መታወቂያሽ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፊ፤ ከውጭ ክፍያ የምትቀበዪበት የፔዮኒር አካውንትና የባንክ ሒሳብሽም በዚያው ስም ይሁኑ። የአባት ስም አንድ ፊደል ሲለይ ክፍያ ሲታገድ አይቻለሁ። የተከራየ ወይም የተገዛ አካውንት ደግሞ በፍጹም አትንኪ፤ ሲደረስበት ይዘጋል፣ ውስጡ ያለው ገንዘብም ሊቀር ይችላል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 የምንዛሪውን አሠራር ከለወጠ ወዲህ ዶላሩን በሕጋዊ መንገድ በባንክ ማስገባት ከበፊቱ በጣም የተሻለ ሆኗል፤ ፔዮኒሩን ዛሬውኑ ክፈቺና ማረጋገጫውን ጨርሺ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ሲመጣ እንዳትጉላዪ።