አነጣጥሮ የሚመታ ወይስ የማይከሽፍ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ የቡና መጋዘን፣ በሰቃ ጨቆርሳ ደግሞ የቡና ማሳ ያለው ድርጅት የጥበቃ ኃላፊ ነኝ። ድርጅቱ ለጥበቃ ሠራተኞቹ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ያለው ሲሆን፣ በየተኩሱ በእጅ የሚቀባበሉትን አሮጌ ጠመንጃዎች በከፊል አውቶማቲክ ለመተካት አስቧል። በሕጋዊ መንገድ ልናገኝ የምንችለው ሲሞኖቭ (ኤስኬኤስ)፣ ኤም ዋን (ጋራንድ) ወይም ነጠላ ብቻ እንዲተኩስ ተደርጎ የተሠራ የክላሽ ዓይነት ነው። አንጋፋዎቹ ዘበኞች «ኤም ዋን ያነጣጠሩበትን አይስትም» ይላሉ፤ ወጣቶቹ ደግሞ «ክላሽ ጭቃ ውስጥ ወድቆም አይከሽፍም» ብለው ይሟገታሉ። ሁለቱንም ጠባይ አመጣጥኖ የያዘው የትኛው ነው?
የጥበቃ ኃላፊ፣ ከጅማ

መልስ፦ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ የወሰነ በመሆኑ፣ አሁን በእጅዎ ያለው ፈቃድ ሊገዙ ያሰቡትን ዓይነት የሚሸፍን ስለመሆኑ ፈቃዱን ከሰጠው አካል በጽሑፍ ማረጋገጫ ሳያገኙ ምንም ዓይነት ክፍያ እንዳይፈጽሙ አሳስባለሁ። ይህ ከተሟላ ምርጫዬ ሲሞኖቭ ነው። ሆኖም ሲሞኖቭ የተባለ ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ከስሙ ይልቅ በእጅዎ የሚገባው የተወሰነው ጠመንጃ ያለበት ይዞታ ይበልጥ ወሳኝ መሆኑን ከወዲሁ ልብ ይበሉልኝ።

የጠመንጃ ትክክለኛነት የሚለካው በአንድ ቦታ የተነጣጠሩ ብዙ ጥይቶች ምን ያህል ተቀራርበው እንደሚያርፉ በማየት ነው። መለኪያው የማዕዘን ደቂቃ ይባላል፤ አንዱ ደቂቃ በ100 ሜትር ርቀት 2.9 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። በደህና ይዞታ ላይ የሚገኝ ሲሞኖቭ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ድረስ ይበትናል፤ ይህም በ100 ሜትር ላይ ጥይቶቹ ሁሉ በአንድ የሲኒ ማስቀመጫ ሳህን ስፋት ውስጥ ያርፋሉ እንደ ማለት ነው። በርሜሉ ያላረጀ ኤም ዋን ከዚህ የተሻለ ይሰበስባል፤ የክላሽ ዓይነቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሲሞኖቭ በጥቂቱ ይሰፋል። አሁን የእርስዎን ሠራተኞች የሥራ ቦታ እናስብ። በጥላ ዛፍ ሥር ባለ የጅማ ቡና ማሳ ውስጥ 100 ሜትር አሻግሮ ማየት ራሱ ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ በመጋዘን ግቢ ውስጥ ያለው ርቀት ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። በዚህ ርቀት ላይ በኤም ዋንና በሲሞኖቭ መካከል ያለው የትክክለኛነት ልዩነት፣ ጨለማና ድንጋጤ በዘበኛው እጅ ላይ ከሚፈጥሩት መንቀጥቀጥ ጋር ሲተያይ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

አንጋፋዎቹ ዘበኞች ኤም ዋንን የሚያሞግሱት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ ጦር የተመረጠው ይህ ጠመንጃ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ በዘመተው የቃኘው ሻለቃ እጅ የነበረ በመሆኑ፣ በአገራችን ወታደሮች ዘንድ ያተረፈው ክብር በተግባር የተገኘ ነው። ነገር ግን ዛሬ ለአንድ የቡና ድርጅት የሚያስከትለው ጣጣ ብዙ ነው። ጥይት የሚጎርሰው 8 ፍሬ በሚይዝ የብረት ማቀፊያ አማካይነት ሲሆን፣ የመጨረሻው ጥይት ሲተኮስ ማቀፊያው ተስፈንጥሮ ይወጣል። ማቀፊያው በማሳው ሣር ውስጥ ከጠፋ፣ ከፊል አውቶማቲክ የነበረው መሣሪያ አንድ በአንድ እየተጎረሰ የሚተኮስ ይሆናል። በተጨማሪም ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረው ጋዝ የሚገፋው ረጅም የብረት ዘንግ ለዚያ ዘመን ወታደራዊ ጥይት ተመጥኖ የተሠራ በመሆኑ፣ ለአደን ተብሎ የሚሸጥ ከባድ ጥይት ቢጎርስ ሊጎብጥ ይችላል፤ ዘንጉ ከጎበጠ ደግሞ ትክክለኛነቱም አስተማማኝነቱም አብረው ይሄዳሉ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጥይቱ ለከተማ ጥበቃ ከመጠን በላይ ኃይለኛ መሆኑ ነው፤ የሳተ ጥይት የጎረቤትን የጭቃ ግድግዳ በቀላሉ ይበሳል። ሲሞኖቭና የክላሽ ዓይነቱ የሚጎርሱት 7.62×39 (የጥይቱ ውፍረትና የቀለሁ ርዝመት በሚሊሜትር) ጥይትም ግድግዳ መብሳቱ አይቀርም፤ ቢሆንም ኃይሉም የሚጓዝበት ርቀትም ከኤም ዋን ያነሰ ነው።

የክላሽ ዓይነቱ ጭቃና አቧራ የሚችለው ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ እርስ በርስ ላልተው ስለሚገጥሙና ከፒስተኑ (ጋዙ ከሚገፋው ዘንግ) ጋር የተያያዘው ከባድ ብረት በኃይል ስለሚመላለስ ነው። ቆሻሻ ቢገባበትም ክብደቱ ገፍቶ ያልፋል። በአንጻሩ ይኸው ከባድ ብረት በተመላለሰ ቁጥር ጠመንጃውን ያናውጠዋል፤ በርሜሉም 415 ሚሊሜትር ብቻ በመሆኑ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎቹ ይቀራረባሉ፤ ማነጣጠሪያዎቹ በተቀራረቡ መጠን ደግሞ ዓይን የሚሠራት ትንሿ ስህተት ዒላማው ላይ ሰፍታ ትታያለች። የሲሞኖቭ በርሜል 520 ሚሊሜትር ነው፤ ፒስተኑም አጭር ርቀት ገፍቶ የሚመለስ በመሆኑ ንውጽውጽታው ያንሳል። 10 ጥይት የሚይዘው ካዝና ከአካሉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሊጠፋም ሆነ ከንፈሩ ተጣሞ ጥይት ሊቀረቅር የሚችልበት ዕድል ጠባብ ነው። የተነቃይ ካዝና መጣመም ከከፊል አውቶማቲክ መሣሪያዎች ዋነኛ የመክሸፊያ ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ክላሽ አይከሽፍም የሚሉት ወጣቶች ይህን ሲያነሱ አልሰማም።

እንግዲህ ወደ መረጣው እንምጣ። ከቀረቡልዎት ጠመንጃዎች እያንዳንዱን ጥይት እንደሌለበት በዓይንም በጣትም አረጋግጠው ያስፈቱ። መጀመሪያ የሚታየው የመምቻው መርፌ ነው። በአብዛኞቹ ሲሞኖቮች ላይ መርፌው የሚመልሰው ስፕሪንግ የለውም፤ በቀዳዳው ውስጥ እንዲሁ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ነው። ለረጅም ዓመታት በግሪስ ተለውሶ በተቀመጠ ጠመንጃ ላይ ግሪሱ ጠጥሮ መርፌውን ወደ ፊት እንደወጣ ሊይዘው ይችላል፤ እንዲህ ያለው መሣሪያ ቃታው ሳይሳብ ጥይቱ ገና ሲጎርስ ሊተኩስ፣ አንዳንዴም ካዝናው እስኪያልቅ ሊቀጥል ይችላል። መርፌ ተሸካሚውን ክፍል ነቅለው በጆሮዎ አጠገብ ሲያነቃንቁት መርፌው ቀጭ ቀጭ ሲል መሰማት አለበት። ካልተሰማ ክፍሉ ተፈታትቶ ግሪሱ እስኪለቅ ሳይታጠብ ጠመንጃው ጥይት መጉረስ የለበትም።

ቀጥሎ አፈሙዙ ይታያል። ሲሞኖቭ የሚወለወለው ከአፈሙዙ በኩል በብረት ዘንግ ስለሆነ፣ ግዴለሽ እጅ ለዓመታት የወለወለው በርሜል ውስጡ ደህና ሆኖ ጫፉ ላይ ብቻ ሞላላ ሆኖ ተበልቶ ይገኛል። ጥይት ከበርሜል ሲለቅ የመጨረሻዋን ግፊት የሚያገኘው ከዚህችው ጫፍ በመሆኑ፣ ጫፏ እኩል ካልሆነች ጥይቱ አቅጣጫውን ይስታል። ከጠመንጃው ጀርባ በእጅ ባትሪ እያበሩ ጫፉን በአጉሊ መነጽር ቢያዩት ጠመዝማዛው መስመር እስከ መጨረሻው ስለት እንዳለው ወይም ሟሙቶ እንደቀረ በግልጽ ይለያል። ሰደፉንና የእንጨቱን አካል ደግሞ ከብረቱ ጋር ይዘው ያነቃንቁ፤ የላላ እንጨት በእያንዳንዱ ተኩስ ብረቱን በተለያየ ቦታ ስለሚያሳርፈው ጥይቶቹን ይበትናል።

በጅማ አየር የሚቀመጥ መሣሪያ ዋና ጠላቱ ዝገት ነው። በተለይ የቀድሞው ምሥራቃዊ ጎራ አገሮች ያመረቷቸው ብዙዎቹ አሮጌ የ7.62×39 ጥይቶች ካፕሱላቸው (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ክፍል) ሲተኮስ በበርሜሉና በጋዝ መተላለፊያው ውስጥ ጨው ይተዋል። ይህ ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በክረምቱ ወራት ደግሞ በአካባቢያችን የሚሳብ እርጥበት ሞልቷል። ዘይት ጨው እንደማያሟሟ ብዙ ዘበኞች አያውቁም። ዘይት ቀብተው ያስቀመጡት ጠመንጃ ውስጡ ሲዝግ ጥይቱን ያማርራሉ። ትክክለኛው መንገድ በተኮሱበት ዕለት በርሜሉን፣ የጋዝ ቱቦውንና ፒስተኑን በፈላ ውሃ አጥቦ፣ ፈጽሞ አድርቆ፣ ከዚያ በኋላ በስሱ ዘይት መቀባት ነው። የበርሜሉ ውስጥ በክሮም የተለበጠ ከሆነ ጉዳቱ ይቀንሳል፤ በዩጎዝላቪያ የተሠሩት ሲሞኖቮች ይህ ልባጥ የሌላቸው በመሆናቸው ለእርስዎ ሥፍራ አልመክራቸውም። የጋዝ ቱቦው ከዛገ ፒስተኑ ይያያዛል፤ የማይከሽፈው ጠመንጃ መክሸፍ የሚጀምረውም ያኔ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ተኩስ ነው። ፖሊስ በሚፈቅደው የተኩስ ልምምድ ሥፍራ፣ ሠራተኞችዎ በሥራ ላይ በሚይዙት ዓይነት ጥይት፣ በ100 ሜትር ላይ ጠመንጃው በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ 10 ጥይት ይተኮስ። ሦስት ጥይት ተኩሶ «ተቀራርቧል» ብሎ መወሰን በአጋጣሚ መታለል ነው። አሥሩ ከ12 ሴንቲሜትር ክብ ካልወጡና አንድም ጥይት ካልተቀረቀረ ጠመንጃው ለሥራዎ ይበቃል። ክቡ ከ20 ሴንቲሜትር ከበለጠ በመጀመሪያ ሌላ ምርት ጥይት ይሞክሩ፤ በጥይት ለውጥ ብቻ ስፋቱ ሊቀንስ ስለሚችል። ያም ካልረዳ ይመልሱት።

ጥያቄ፦ ሕጋዊ ሲሞኖቭ አለኝ። አንድ ሰው በላዩ ሽፋን ላይ የሚገጠም የመነጽር ማነጣጠሪያ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ዝንጀሮና ከርከሮ በቆሎዬን ስለሚጨርሱት ይጠቅመኛልን?
ገበሬ፣ ከአጋሮ

መልስ፦ አይግዙት። የሲሞኖቭ የላይኛው ሽፋን ለማጽዳት ሲባል በቀላሉ የሚወልቅ፣ በቦታውም ላልቶ የሚቀመጥ ቆርቆሮ በመሆኑ፣ በእሱ ላይ የተገጠመ መነጽር በጥቂት ተኩስ ውስጥ ከተስተካከለበት ይሸሻል፤ ሽፋኑ ወልቆ በተመለሰ ቁጥርም እንደገና ማስተካከል ይጠይቃል። ለበቆሎ ማሳ ርቀት ጠመንጃው ይዞት የመጣው የብረት ማነጣጠሪያ ይበቃል። አውሬውን ስለመተኮስ ግን፣ የዱር እንስሳት በሕግ የሚጠበቁ በመሆናቸውና የመሣሪያ ፈቃድ የአደን ፈቃድ ስላልሆነ፣ በቅድሚያ ለወረዳዎ ግብርና ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ።