ንግድ ፈቃዱ ስሙን አይጠብቅልሽም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ ካነበብኩ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። 4 ዓመት ሙሉ በርበሬና ሽሮ በአንድ ስም እያሸግሽ ስትሸጪ ቆይተሻል። ንግድ ፈቃድ አለሽ፣ ግብር ትከፍያለሽ። አሁን ሌላ ሰው በዚያው ስም፣ በዚያው ቀይ ፓኬት ገበያ ገባ። «ስሙ የኔ አይደለም ወይ? ምን ላድርግ?» ነው ያልሽው። ብዙዎች «ፈቃድ እስካለሽ ድረስ ስሙ ያንቺ ነው፣ ክሰሺው» ብለው መልሰውልሻል። በቅንነት እንዳሉት አውቃለሁ። እኔ ግን ይህንኑ አምኜ ነው ስሜን ያጣሁት። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ቡና ቆልቼና ፈጭቼ በፓኬት መሸጥ የጀመርኩት በ2009 ዓ.ም ነው። እዚያው ቤቴ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ መቁያ። በሦስተኛው ዓመት ገርጂ አካባቢ ያለ ባለሱቅ ደወለልኝ። «የሰሞኑ ቡናሽ ምን ነካው? ደንበኛ እየመለሰብኝ ነው» አለኝ። እኔ ለሱ ቡና ካስገባሁ ከወር በላይ ሆኖኛል። ሄጄ መደርደሪያው ላይ አየሁት። ስሙ የኔ ነው። ፓኬቱ የኔው ቡናማ ወረቀት ነው። የጀበናዋ ሥዕል እንኳ የኔ ናት። ልዩነቱ የኔ ጀበና አፏ ወደ ቀኝ ነው፣ የዚያኛዋ ወደ ግራ። አንዱን ፓኬት ገዝቼ ከፈትኩና አሸተትኩት። ያረረ ቡና ነው። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ።

ንግድ ፈቃዴን፣ የንግድ ምዝገባዬንና የግብር ከፋይ ቁጥሬን ይዤ ሰውየውን አፈላልጌ አገኘሁት። ወረቀቶቼን አየና ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። የንግድ ምልክት ምዝገባ ምስክር ወረቀት ነው። እኔ ያወጣሁት ስም በሱ ስም ተመዝግቧል። የሕግ ባለሙያ አማከርኩ። «ምዝገባው ይሰረዝልኝ ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ግን ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል» አለኝ። ያኔ ሁለቱም አልነበረኝም። ስሙን ተውኩት። ቤት ውስጥ ስቲከር የተለጠፈባቸው 4,000 ገደማ ፓኬቶች ነበሩ። ከእናቴ ጋር ሆነን ስቲከሩን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅን ላጥነው። ሦስት ሌሊት ፈጀብን።

ለካ እኛ አንድ ነገር ነው የምንለው በሕግ ሦስት ነገር ነው። ንግድ ፈቃድ «ይህን ሥራ መሥራት ትችያለሽ» የሚል ፈቃድ ነው፣ ሌላ ምንም አይልም። የንግድ ስም ደግሞ ንግድ ቢሮ ስትመዘገቢ ድርጅትሽ የሚጠራበት ስም ነው፤ የሚተዳደረው በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ነው። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው፣ ደንበኛ ሱቅ ገብቶ «ያንን ስጠኝ» የሚልበት ስምና ሥዕል ግን የንግድ ምልክት ነው። እሱ በሌላ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው የሚገዛው። የሚመዘገበውም በሌላ መሥሪያ ቤት፣ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ባለቤትነት የሚገኘው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው ይላል። ቀድሞ መጠቀም ብቻውን ባለቤት አያደርግም። እኔን የጎዳኝ ይህች አንዲት ነጥብ ናት።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቂ፤ ያ ሰው አስመዝግቧል ወይስ አላስመዘገበም? ይህን ሳታውቂ ደብዳቤም አትጻፊ፣ ፌስቡክ ላይም «ሌባ» ብለሽ ፎቶውን እንዳትለጥፊ። ምናልባት እሱ አስመዝግቦ ከሆነ ጥፋተኛዋ አንቺ ሆነሽ ልትገኚ ትችያለሽ። አዋጁ የተመዘገበ ምልክት መብትን ሆን ብሎ በጣሰ ሰው ላይ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነው ያስቀመጠው። በከባድ ቸልተኝነት ከሆነም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት አለው። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ከተመዘገብሽ ይኸው ሕግ ላንቺ ይቆማል።

ባለሥልጣኑ ጋ ሄደሽ በስሙ ላይ ፍለጋ ይደረግልኝ በይ። ያልተመዘገበ ከሆነ በዚያው ሰሞን አመልክቺ። ማመልከቻሽ የገባበት ቀን ትልቅ ነገር ነው፤ ስለዚህ ቀኑ የተጻፈበትን ማስረጃ ሳትቀበይ አትውጪ። ሰውየው አመልክቶ ገና ምስክር ወረቀት ካልወሰደም ዕድል አለሽ። ምልክቱ ከመመዝገቡ በፊት ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ማስታወቂያ ይወጣል። ማስታወቂያው ላይ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ተቃውሞሽን በጽሑፍ ታስገቢያለሽ። እኔ የዚያን ሰው ማስታወቂያ ብሰማ ኖሮ ታሪኬ ሌላ በሆነ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ የምናነብ ስንቶቻችን ነን?

ምዝገባ ባይኖርሽም ባዶ እጅሽን አይደለሽም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሌላውን ነጋዴ ዕቃ ከራስ ዕቃ ጋር የሚያምታታ ሥራን ይከለክላል። ለዚህም ለተቃውሞውም ማስረጃ ያስፈልግሻል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቁጭ በይና ሰብስቢ። የመጀመሪያው ፓኬት የታተመበትን ደረሰኝ፣ ለሱቆች ያስረከብሽበትን ደረሰኝ፣ ባዛር ላይ የተነሳሽውን ፎቶ፣ ስልክሽ ላይ ያሉ የትእዛዝ መልእክቶችን ሁሉ። ቀን ያለው ነገር ሁሉ ይጠቅማል። የሱንም ፓኬት ግዢ፣ ከነደረሰኙ። የተሳሳተ ደንበኛ ካለ ስሙንና ቀኑን ጻፊ። እኔ የዚያን ቀን የገዛሁትን ፓኬት ተናድጄ ጣልኩት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለ ስሙ ራሱ ደግሞ ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያ ስሜን ካጣሁ በኋላ «አሁንስ አልሸወድም» ብዬ ቶሎ ላስመዘግብ ሄድኩ። ያወጣሁት ስም «ንጹሕ የይርጋጨፌ ቡና» ከሚል ብዙም የራቀ አልነበረም። ተቀባይነት አላገኘም። ተናደድኩ። በኋላ ግን ገባኝ። የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራቱን፣ የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚናገር ስም ለአንድ ሰው አይሰጥም። «ንጹሕ» የሚለውን ቃል ለኔ ቢሰጡኝ ሌላው ቡና ሻጭ ምን ብሎ ይጻፍ? «ምርጥ በርበሬ»፣ «የእናት ሽሮ»፣ «የአዲስ አበባ ባልትና» የሚሉት ሁሉ እዚሁ ጣጣ ውስጥ ይገባሉ። ለበርበሬ «ጀልባ» የሚል ስም ብታወጪ ግን ጀልባና በርበሬ ምንም አያገናኛቸውም። መጀመሪያ ላይ ለጆሮ ይከብዳል። ሲመዘገብና ሲለመድ ግን ያንቺ ብቻ ይሆናል።

በነገራችን ላይ ይህ የይርጋጨፌ ነገር አገርንም አጋጥሟታል። መንግሥታችን እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ሲዳሞና ሐረር የታወቁ የቡና ዓይነት መጠሪያዎች ናቸው፣ ለአንድ ባለቤት አይሰጡም ነበር ክርክሩ። ከትልቁ የአሜሪካ ቡና ሻጭ ድርጅት ከስታርባክስ ጋርም ብዙ ተባለ። ባለቤቱ አንድ ነጋዴ ሳይሆን አገር ነው፤ ያውም ነጋዴዎች ሳይከፍሉ በስምምነት ይጠቀሙበት የሚል ነበር የመንግሥታችን ሐሳብ። እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ይህን ሳነብ ከኔ ጋር አያያዝኩት። አገር እንኳ ስሟን ለማስጠበቅ ወረቀት ይዛ በር ማንኳኳት ነበረባት።

ሦስተኛው ስሜ አያቴ ስታቆላምጠኝ የምትጠራኝ ነው። በ2013 ዓ.ም ተመዘገበ።

ስታመለክቺ ዕቃሽ በየትኛው ምድብ እንደሚገባ ትጠየቂያለሽ። ዓለም አቀፍ አመዳደብ አለ፤ በጠቅላላው 45 ምድብ ነው፣ እስከ 34 ያለው ዕቃ፣ ቀሪው 11 አገልግሎት። በርበሬሽም ሽሮሽም ምድብ 30 ውስጥ ናቸው፣ የኔ ቡናም እዚያው ነው። ንጥር ቅቤ ልትጨምሪ ካሰብሽ እሱ 29 ነው። አንድ ቀን ምግብ ቤት እከፍታለሁ ካልሽ 43። ነገር ግን የማትሠሪውን ሁሉ አትዘርዝሪ። 3 ተከታታይ ዓመት ሥራ ላይ ያልዋለ ምልክት ይሰረዝ ተብሎ ሊጠየቅበት ይችላል።

ሌላው፣ ብዙ ሰው ሎጎውን ከነቀለሙ ብቻ ያስመዘግባል። እኔ ቃሉን ብቻውንም አስመዝግቢ እላለሁ፣ በአማርኛም በላቲን ፊደልም። የኔን ጀበና አፏን ወደ ግራ እንዳዞረው ሰው፣ ሥዕሉን ትንሽ ቀይሮ ስሙን የሚወስድ አይጠፋም። ሎጎውን የሠራልሽ ልጅ ወይም ማተሚያ ቤት ካለም «ሙሉ መብቱን ለእሷ ሰጥቻለሁ» ብሎ በጽሑፍ ይፈርምልሽ። ሁለት መስመር ይበቃል።

ምስክር ወረቀቱ በማን ስም ይውጣ የሚለውንም ሳትዘጋጂበት እንዳትሄጂ። ጉዳይ አስፈጻሚ በሆነው ዘመድ ስም፣ ወይም «ለጊዜው» ተብሎ በወንድም ስም የወጣ ወረቀት ቤተሰብ ሲበትን አይቻለሁ። ብቻሽን ከሆንሽ በራስሽ ስም፣ ማኅበር ካላችሁ በማኅበሩ ስም። ነገ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ብታቋቁሚ ምልክቱ ወደ ማኅበሩ ሲዛወር ዝውውሩም ባለሥልጣኑ ጋ መመዝገብ አለበት።

ምዝገባው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 7 ዓመት ይቆያል። ከዚያ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። የኔ በ2020 ዓ.ም ነው የሚታደሰው። ወጥ ቤቴ በር ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ።

በርበሬሽን ዋሽንግተን ላለችው እህትሽ እንደምትልኪና እሷም እዚያ ሱቆች ማከፋፈል እንደጀመረች ጽፈሻል። የአዲስ አበባው ምስክር ወረቀት እዚያ አይሠራም። አሜሪካ ለብቻው ይመዘገባል፤ የማመልከቻው መነሻ ክፍያ በየምድቡ 350 ዶላር ነው። እዚያ ሽያጩ ጠንከር ካለ አትዘግዪ። እህትሽ በራሷ ስም እንዳታስገባው ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ክፋት አስቤ አይደለም፣ በኋላ ቅሬታ እንዳይመጣ ነው።

ብቻ አንድ ነገር ልለምንሽ። ውጤቱን ሳታውቂ አዲስ ፓኬት አታሳትሚ። ማተሚያ ቤቱ «አሁን ካላዘዝሽ ዋጋ ይጨምራል» ቢልሽም ታገሺ።

እኔ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ባለሥልጣኑ ጋ ጉዳይ አለኝ። ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና አብረን እንሂድ። ሁለቱንም ፓኬቶች፣ ያንቺንም የሱንም፣ ይዘሽ ነይ።