ፓኔል ከመስቀልሽ በፊት ሒሳቡን ያዢ

የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ የምትሠራ ጠያቂያችን «ሰው ሁሉ ወደ ሶላር ግቢ ይለኛል፤ አጭር ሥልጠና ወስጄ ሥራ ልቀይር ወይስ ዲግሪ ልማር? ነፋስስ ያዋጣል?» ብላለች።

እህቴ፣ ዝርጋታውን አትተይው፤ ሶላርም የሚቆመው እሱው ላይ ነው። ፓኔል ጣሪያ ላይ ማሰር በጥቂት ሳምንት ስለሚለመድ፣ ያንን ብቻ የምታውቅ ሠራተኛ በቀላሉ ትተካለች። የምትፈለገው ደንበኛው «ስንት ፓኔል ይበቃኛል?» ሲላት «መጀመሪያ ምን ምን እንደምትጠቀም ንገረኝ» የምትለዋ ናት።

አንድ ሱቅ እንውሰድ። ባለ 10 ዋት 6 አምፖሎች ለ5 ሰዓት ሲበሩ 300 ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ፍሪጁ በቀን 1,200 ቢወስድ ድምሩ 1,500 ነው። ይህን ሁሉ ባትሪ ይሸከመው ከተባለ፣ ሊድ አሲድ ባትሪ ከያዘው ከግማሽ በላይ አዘውትሮ ሲወሰድበት ዕድሜው ስለሚያጥር፣ 3,000 ዋት ሰዓት የሚይዝ ያስፈልጋል። እስከ 80 በመቶ ቢወሰድበት ለሚችል ሊቲየም ግን 1,900 ገደማ ይበቃል። በኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃዎች እንዲስማማ አድርጎ በሚቀይረው መሣሪያ) እና በሽቦ የሚባክነው ገና አልተቆጠረም። በዚያ ላይ የፍሪጅ ሞተር ሲነሣ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል። ኢንቨርተሩ ይህን ካልቻለ ይጠፋል፤ ደንበኛው ግን የሚወቅሰው ፓኔሉን ነው።

እኔ የምሰጋልሽ ከልማድሽ ነው። ቤት ውስጥ ብሬከር አውርደሽ ሽቦ ትነኪያለሽ። ፓኔል ፀሐይ እስካገኘው ድረስ ግን ብሬከሩ ቢወርድም ከፓኔሉ እስከ ብሬከሩ ያለው ሽቦ ኃይል አለው። ደግሞም የቤቱ ኤሲ፣ ማለትም አቅጣጫውን የሚቀያይረው ኃይል፣ በ50 ኸርዝ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ ኃይል ሲቋረጥ የሚፈጠረው ብልጭታ ቶሎ ይጠፋል። ከፓኔሉ የሚመጣው ዲሲ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚፈስ እንዲህ ያለ ዕረፍት የለውም፤ በዚህም ብልጭታው ሊቀጥልና እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ለዲሲ የተሠራ ብሬከር የግድ ነው። ሥልጠና ስትመርጪ ይህን በእጅሽ ያሠሩሽ እንደሆነ ጠይቂ፤ በስላይድ ብቻ ከሆነ ገንዘብሽን ያዢ።

ነፋስ? ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በቤቶች መካከል ነፋሱ ስለሚሰባበር ለጣሪያ እምብዛም አልመክረውም። ሥራው ያለው ትልልቆቹ ተርባይኖች ዘንድ ነው፣ ከፍታ ካልፈራሽ። ዲግሪውን ትልልቅ ጣቢያ መንደፍ ሲያምርሽ ታስቢበታለሽ።

ለጊዜው የምታውቂውን አንድ ሱቅ ምረጪና የዕቃዎቹን ዋትና የሚሠሩበትን ሰዓት ለሳምንት መዝግቢ። ከዚያ የፓኔሉን፣ የባትሪውንና የኢንቨርተሩን መጠን አስይና ወረቀቱን ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይዘሽ ሂጂ።