ራዲያተሩን ራሴ ስለገጠምኩ ዋስትናዬ ቀረ?

ጥያቄ፦ የመኪናዬ ራዲያተር ስላፈሰሰ አዲስ ገዝቼ ቤቴ ራሴ ቀየርኩት። በሁለተኛው ሳምንት አዲሱም ማንጠባጠብ ጀመረ። ሻጩ ዋስትና ሰጥቶኝ ነበር። አሁን ግን «መካኒክ ስላልገጠመው አያገባኝም» አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ በሻጩ መልስ ተስፋ አይቁረጡ። ራስዎ መግጠምዎ ብቻውን መብት አያሳጣም። ቁም ነገሩ ዕቃው ለምን አፈሰሰ የሚለው ነው።

መጀመሪያ የዋስትና ወረቀቱን ያንብቡ። «በባለሙያ ካልተገጠመ ዋስትና የለውም» የሚል ቃል ተጽፎበት ከገዙ ነገሩ ይከብዳል። ከሸጠ በኋላ የመጣለት ሰበብ ግን እርስዎን አያስርም።

ቀጥሎ ወደ መኪናው ይሂዱ። ሞተሩ በደንብ ሳይቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን እንዳይነኩ! ውስጡ የታመቀው ትኩስ ውኃ ፊትዎ ላይ ይፈነዳል። በባትሪ እያበሩ የሚያፈስበትን ቦታ ይፈልጉ። በአብዛኞቹ አዳዲስ ራዲያተሮች የላይኛው ወይም የጎኑ ፕላስቲክ ከአሉሚኒየሙ ጋር የሚያያዘው በጎማ ማሸጊያና በታጠፈ የብረት ጥርስ ነው። ውኃው ከዚያ መጋጠሚያ ከወጣ ጥርጣሬው ወደ ፋብሪካው ያደላል፤ እርስዎ እዚያ ቦታ ላይ የፈቱት ነገር የለም። ቱቦው የሚገባበት አንገት ከተሰነጠቀ ግን ሻጩ «ማሰሪያውን ከልክ በላይ አጥብቀው እርስዎ ሰነጠቁት» ማለቱ አይቀርም።

ስለዚህ ሙጫ አይቀቡበት፣ ቀዳዳ የሚደፍን ኬሚካልም አይጨምሩበት። ማስረጃዎን በገዛ እጅዎ ያጠፋሉ። ፎቶና ቪዲዮ ያንሱ። ዕቃው ሳይፈታ ገለልተኛ መካኒክ አይቶት ያየውን በጽሑፍ ይስጥዎት። ከዚያ ቀን ያለበት ደብዳቤ ለሻጩ ይጻፉ፤ ጉድለቱንና የሚፈልጉትን፣ ቅያሪም ይሁን ገንዘብ፣ በግልጽ ያስቀምጡ። የደረሰኙን ኮፒ ያያይዙ፣ ዋናውን እንዳይሰጡ። ነገ ዛሬ አይበሉ፤ ጉድለትን በጊዜ አለማሳወቅ መብት ሊያስቀር ይችላል።

መኪናውን ደግሞ እባክዎ ያቁሙት። የሙቀት መለኪያው ቀዩ ላይ መድረሱን እያዩ ነድተው ጋስኬቱ (የሞተሩ ማሸጊያ) ቢቃጠል፣ ያንን ኪሳራ ከሻጩ ማግኘት በጣም ይከብዳል። ጉዳቱ እንዳይባባስ መጠንቀቅ የእርስዎም ግዴታ ነው።

መሬት ላይ የፈሰሰውን ኩላንት፣ ማለትም የራዲያተሩን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ዛሬውኑ ያጽዱ። አብዛኛው ኩላንት ኤትሊን ግላይኮል አለበት፤ ጣፋጭ ነው፣ ግን መርዝ ነው። የጎረቤት ውሻ ወይም ሕፃን ቢቀምሰው ሊሞት ይችላል። ያኔ መጀመሪያ የሚጠየቁት ደጃፍዎ ላይ የተዉት እርስዎ ነዎት።